ሳይደርሱ የጠረግሁት ቤት

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። አውሮፕላን በጎንደር ሰማይ ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር ግን ያ ቀን ይመጣብኛል።

ልጄ አበባ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ዓይኗን ታመመችና ሐኪሙ ሳትዘገዩ አዲስ አበባ ውሰዷት አለን። በአውቶቡስ ቀናት ስለሚፈጅ ወንድሜ በአውሮፕላን ሊወስዳት ተነሣ። እንደ ደረስን ቴሌግራም አደርግልሻለሁ አለኝ።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄጄ ሸኘኋቸው። ቲኬት የሚያየውን ሰው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቅሁት።

«ሁለት ሰዓት ነው፣ እናቴ። ምሳዋን እዚያ ትበላለች» አለኝ።

የተነሡት ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

እኛ ቤት መንገደኛ ከወጣ በኋላ መድረሱ ሳይሰማ ወለል አይጠረግም። ዱካው የተጠረገበት ሰው መንገድ ይጠፋበታል ትል ነበር እናቴ። ባለቤቴ መሪጌታ ናቸውና ይህን ነገሬን አይወዱም።

«ይህች የሄደችው በአየር ነው። ምን ዱካ አላትና ትጠርጊዋለሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

እኔም ሰዓት ቆጠርሁ። አምስት ሰዓት ሆነ። ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት ጨመርሁበት። ስድስት ሲሆን፣ በቃ ገብተዋል ብዬ ቤቱን ጠረግሁ፤ ጥራጊውንም ጓሮ ደፋሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፒያሳ ወዳለው ቴሌግራፍ ቤት ወረድሁ። እዚያ የሚሠሩት ጎረቤታችን አያ መኰንን ናቸው።

«ምነው አያ መኰንን፣ የእኔ ቴሌግራም አልመጣም?»

ማሽኑን ብዙ ጊዜ ሲያንኳኩ ቆዩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «አውሮፕላኑ አዲስ አበባ አልገባም አሉ» አሉኝ።

«ታዲያ የት ነው?»

«እሱን አላወቁም። የባሕር ዳር መስመርም በዝናቡ ተበጥሷል። አይዞሽ፣ ቤትሽ ግቢ።»

እንዴት ቤት እንደ ደረስሁ አላውቅም። የማስበው ስለ ዝናቡ አልነበረም፤ ስለ መጥረጊያው ነው። ልጄ ገና መንገድ ላይ ሳለች ዱካዋን ጠርጌባታለሁ።

በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድሁ። አፈሩን፣ የዳቦ ፍርፋሪውን፣ ዓይኗን ካሰርሁበት ሻሽ የተረፈችውን ብጣሽ ሁሉ በእጄ እየዘገንሁ በነጠላዬ ቋጠርሁ። ገብቼም ወለሉ ላይ መልሼ በተንሁት።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመው አገኙኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አልገቡም። አውሮፕላኑ የት እንዳለ አይታወቅም።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ በጋቢያቸው ጫፍ አፈር ይዘው ነበር።

«ይህ ቀርቶብሽ ነበር» አሉኝና እሳቸውም በተኑት።

ያን ቀን ሁለታችንም እህል አልቀመስንም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አያ መኰንን ራሳቸው የወንድሜን ቴሌግራም ይዘውልን መጡ። ደመና ስለ ነበረ ባሕር ዳር አርፈው አድረዋል። አሁን በደኅና ገብተዋል። አበባ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ እኔ ስጠርግ እሷ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ሣር ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ትበላ ነበር።

ዓይኗ ድኖ ዛሬ አዲስ አበባ ትማራለች። እየመጣች ትሄዳለች። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ማንንም አልጠይቅም። ፍርሃቱ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ብቻዬን እንደማልፈራ ግን አውቄአለሁ።

ባለፈው መስከረም ሸኝቻት ስመለስ መጥረጊያው ከቦታው የለም። ስፈልግ ሰምተው፣ መሪጌታ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ፣

«አልጋ ሥር ነው። ቴሌግራሙ እስኪመጣ እዚያው ይቆይ» አሉኝ።