የጥይት ማሽላ

ደብሪቱን ያወቅኋት ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ ጎረቤቴ ሆና ነው። ታሪኳን በአንድ ጊዜ ቁጭ ብላ አልነገረችኝም። ውሃ ስንጠብቅ፣ ራሽን ስንሰለፍ፣ ልብስ ስናጥብ ትንሽ ትንሽ እያለች ነው የጨረሰችልኝ።

ትውልዷ ከመተማ በታች ቆላው ነው። ገና ልጅ ሳለች ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ከሚሻገሩ ሠራተኞች ጋር፣ ወጥ ሠሪ ሆና ወደ ሱዳኗ መንደር ወደ ቁረይሻ መጣች። እዚያው ካሣ የሚባል የአርማጭሆ ሰው አግብታ ሃና የምትባል አንዲት ልጅ ወለደች። ካሣን ካላዛር ገደለው። ሆዱ እያበጠ እግሩ እየቀጠነ ሄዶ፣ ሐኪም ቤት የደረሰው ከመሸበት በኋላ ነበር። ደብሪቱ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ሻይና ገንፎ እየሸጠች ልጇን እዚያው የሱዳኖቹ መንደር ውስጥ አሳደገች። ሃና ለእናቷ በአማርኛ የጀመረችውን ወሬ በዓረብኛ ነበር የምትጨርስላት።

መንደሩ አንድ ደንብ ነበረው። በየዓመቱ ማሽላው ከተወቃ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ለመንደሩ ጠባቂዎች ድርሻውን ያወጣል። ማሽላው ገዳሪፍ ገበያ ይሸጥና ጥይት ይገዛበታል። ከድንበሩ ማዶ የሚመጡ ታጣቂዎች ከብት ይነዱ፣ ሰው አፍነው ይወስዱ ስለነበር መዋጮውን የሚቃወም ሰው አልነበረም። ከማዶ ያሉት የእሷ አገር ገበሬዎችም በሰሊጣቸው ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

«እዚህም እዚያም ያጨድነው ሁሉ ጥይት ነው የሆነው» ትላለች ደብሪቱ። እሷም ድርሻዋን ሳታጓድል ስታወጣ ኖራለች።

ሃና አድጋ፣ አግብታ፣ ምጥ የያዛት ክረምቱ በገፋበት ወቅት ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ካርቱም ነበር። የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው፤ ዝናቡ ከገባ መኪና አያልፍበትም፣ የሚያልፈው ትራክተር ብቻ ነው። የመንደሩ ትራክተር ደግሞ በዚያ ሳምንት ለጠባቂዎቹ ስንቅና ጥይት ጭኖ ወደ ድንበሩ ወንዝ ወርዷል። ቢጠብቁት ቢጠብቁት አልመጣም። በመጨረሻ ወንዶቹ ሃናን በጠፍር አልጋ ላይ አስተኝተው ተሸክመው ወጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ይውጣቸው ነበር። ደብሪቱ የልጇን እጅ ይዛ ከጎን ከጎን ትሄዳለች።

«ዩማ፣ በረደኝ» አለች ሃና። ዩማ ማለት በእነሱ ቋንቋ እማዬ ማለት ነው።

አስፋልቱ ገና ሩቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ልጁም ሳይወለድ ቀረ። ተሸካሚዎቹ አልጋውን ዝናቡ ውስጥ አስቀምጠው ቆሙ። ቄስ በአቅራቢያው ስላልነበረ፣ በማግሥቱ ከሠራተኞቹ መካከል ዳዊት የሚደግም አንድ ሽማግሌ የሚያውቀውን ደገመላትና ቀበሯት።

ማሽላው ተወቅቶ ሰብሳቢዎቹ ወደ ደብሪቱ ቤት ሲመጡ በሩ ላይ ቆመች።

«ዘንድሮ የእኔ ማሽላ ለጥይት አይሆንም» አለቻቸው። «ለትራክተር ከሆነ ውሰዱት።»

«ለየትኛው ትራክተር?»

«የታመመ ለሚያመላልስ።»

ተያዩ። አንደኛው፣ «አንቺ ሐበሻ ነሽ፣ ይህ አያገባሽም» ብሏት ሄዱ። በማግሥቱ ሻይ ሊጠጣ የመጣ ሰው ጥቂት ነበር።

ደብሪቱ ቀኑን ሙሉ ስታስብ ውላ ወደ አማል ቤት ሄደች። አማል ባሏ የሞተባት የመንደሩ ሴት ናት። የበኩር ልጇን ኸድርን ከማዶ የመጡ ታጣቂዎች ገድለውባታል። ከዚያ ወዲህ ከደብሪቱ ጋር ሰላምታ እንጂ ሌላ አትለዋወጥም። ሃናን ከተሸከሙት ወንዶች አንዱ ግን ሁለተኛው ልጇ ያዕቁብ ነበር።

«ያዕቁብ ልጄን ተሸክሞልኛል። ላመሰግን ነው የመጣሁ» አለች ደብሪቱ ከደጅ ሆና።

«ግቢ» አለቻት አማል።

ተቀመጡ። አማል ውሃ ሰጠቻትና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ኸድርን የገደሉት ያንቺ አገር ሰዎች ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ያንን ጥይት ማን ገዛው እያልሁ አስባለሁ። ማን አዋጣው እላለሁ።»

«እኔ እንጃ፤ ወንድሞቼም አዋጥተው ይሆናል» አለች ደብሪቱ።

አማል ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት። «እኔ ኸድር ከሞተ በኋላ እጥፍ አወጣሁ። አንዲት እናት ደግሞ ከዚያ ማዶ ትቅመሰው ብዬ ነው ያወጣሁት።»

«ቀለለልሽ?»

«አልቀለለኝም።»

ደብሪቱ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በልጇ ቀብር ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። አማልም አላባበለቻትም፤ አብራት አለቀሰች እንጂ። የአማል ልጅ ሉብና በበሩ ብቅ ብላ ሁለቱን አይታ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ከስግደት በኋላ ወንዶቹ በሼኹ ዳስ ሥር ሲሰበሰቡ ሁለቱ ሴቶች አብረው ሄዱ። ሼኹ የመንደሩ አለቃ ናቸው። ደብሪቱ ነገሯን ስትጨርስ፣ ሳይቆጡ ጠየቋት።

«ሌባ ሲመጣ በትራክተር ልንመልሰው ነው?»

የመለሰችው አማል ናት።

«ኸድር ጠባቂ ነበር። ጥይት አልጎደለውም፤ ዝናሩ ሙሉ እንደሆነ ነው አስከሬኑን ያመጣችሁልኝ። የጎደለው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ነው። ከጧት እስከ ቀትር በሕይወት ነበር።»

ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ እንዲህ በአደባባይ ያለው ግን አንድም ሰው የለም። ሼኹም ግማሹ ለጠባቂዎቹ ግማሹ ለትራክተሩ ይሁን ብለው ፈረዱ።

ከመንደሩ ዳር አንድ ነጋዴ የጣለው አሮጌ ትራክተር ነበር። አስናቀው የሚባል የሽንፋ ሰው፣ ለብዙ ዘመን እርሻ ሲያርስ የኖረ ሾፌር፣ በማሽላው መለዋወጫ እያስገዛ አስነሣው። ከኋላው ተጎታች ቀጠሉለት፤ ሴቶቹ ደግሞ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል የሸራ ጣሪያ ሰፉለት። ክረምቱ ሲገባ ትራክተሩ ነፍሰ ጡሮችን፣ እባብ የነደፋቸውን፣ በወባ የሚንቀጠቀጡ ሕፃናትን እስከ አስፋልቱ ያደርስ ጀመር። አማልና ደብሪቱ በተራ አብረው ይሄዱ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ለአጨዳ የመጡ የኢትዮጵያ ሠራተኞችም ሲታመሙ ይሳፈሩበታል። አስናቀው ሰው ጭኖ ሲሄድ የሰውየውን አገር አይጠይቅም ነበር።

ነገሩ ያልተዋጠለትም ግን ነበር። በዚያው ዓመት ታጣቂዎች መጥተው ከብት ነዱ፤ ከብቱ የተነዳበት ሰው የደብሪቱን የሻይ ማንቆርቆሪያ በእግሩ ገልብጦ፣ «ይቺ ሐበሻ ናት መሣሪያችንን ያስፈታችን» ሲል ሰው ሁሉ ሰማ። አማል የተደፋውን ማንቆርቆሪያ አንሥታ፣ አጥባ፣ እሳቱ ላይ መለሰችው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጧት ጧት እየመጣች እዚያ ትቀመጥ ነበር፤ ሰውም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ሁለተኛው ሲገባ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ የሩቅ ወሬ መስሎ ከረመ። በዓመቱ ግን ውጊያው ወደ ሲንጃ ከተማ ሲጠጋ ተፈናቃዩ ገዳሪፍን ሞላው፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይቀር ሰው ያድር ጀመር። ኢስቲንፋር የሚሉት ክተት ታወጀ። ወጣቶቹ ወደ ሥልጠና ሄዱ። ያዕቁብም ሄደ፤ እናቱ በሩ ላይ ተቀምጣበት ነበር፣ በአጥሩ ዘልሎ ነው የሄደው።

ክተቱን የሚሰበስቡ ሰዎች በመኪና መጥተው የመንደሩን ማሽላ በሙሉ፣ ትራክተሩንም ጭምር ጠየቁ። ሼኹ ቁልፉን ከአስናቀው ተቀብለው ሰጧቸው። ሌላ ሊያደርጉ የሚችሉት አልነበረም። ደብሪቱ ግን ትራክተሩ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ይህ የታመመ ሰው መጫኛ ነው» አለች። «ዝናቡ መጥቷል። እባካችሁ ሌላ ፈልጉ።»

«የመኖሪያ ወረቀትሽን አምጪ» አላት አለቃቸው።

የወረቀቷ ጊዜ አልፎ ነበር። የማዶ ሰላይ ናት ያለም ነበር፤ ማን እንዳለ አታውቅም። አማል መኪናውን ይዛ ብትለምን አልሰሟትም። ደብሪቱ ከነለበሰችው ልብስ ተወስዳ፣ ገዳሪፍ ጥቂት ቀን ታስራ፣ ከዚያ ወደ ኡም ጋርጉር ተላከች። ያኔ ነው ጎረቤቴ የሆነችው። መጀመሪያ ስትመጣ ከሰው አትነጋገርም ነበር፤ ደመና ሲጠቁር ብቻ ወጥታ ወደ ቁረይሻ አቅጣጫ ታያለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አስናቀው ፈልጎ አገኛት። በእግሩና በጭነት መኪና ነበር የመጣው። ደጃፏ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁት።

«እቴ ደብሪቱ፣ አማል አረፈች» አላት።

«በምን?»

«ኮሌራ ገባ። ተፈናቃዮቹን ስታስታምም ነው የያዛት። ጧት ጀመራት፤ በአልጋ አድርገን ወጣን። ጭቃውን ታውቂዋለሽ።»

«ማን ማን ተሸከማት?»

«ሽማግሌዎችና ሴቶች ነን። ወጣት የት አለ ብለሽ። እየወደቅን እየተነሣን፣ ከኸድር መቃብር ብዙም ሳንርቅ አለፈች።»

ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ጠራችኝ?» አለችው።

«ያዕቁብን ነበር የምትጠራው። አንድ ጊዜ ደግሞ ትራክተሩ መጣ ወይ አለች። መጣ አልኳት።»

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። የትግራይ ሴቶችም ከታችኛው ሰፈር መጥተው አብረውን ዋሉ፤ ከደብሪቱና ከአስናቀው በቀር አማልን ያየ ከመካከላችን ማንም አልነበረም።

መንገዱ ሲደርቅ ደብሪቱ ከመጠለያው መውጫ ፈቃድ አወጣችና ለቅሶ ልትደርስ ወደ መንደሩ ሄደች። የሆነውን ስትመለስ ነው ያጫወተችኝ። ያዕቁብ አልተመለሰም፤ ሞተ ያለም፣ ተማረከ ያለም የለም። ቤቱ ውስጥ የቀረችው ሉብና ብቻዋን ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በጦርነቱ ተዘግቶባት መንደር ገብታለች። ደብሪቱን ስታይ ሮጣ አቀፈቻት፤ መቃብሩ ድረስ አብረው ሄደው ደብሪቱ እጇን ዘርግታ፣ እነሱ ለሙታን እንደሚያደርጉት፣ ፋቲሃ አደረገች። ነፍስ ይማርም በአማርኛ አለች።

ያን ሳምንት የማሽላው መዋጮ ነበር። ሉብና እሄዳለሁ አለች። ደብሪቱ ከዳሱ አጥር ውጭ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ አሁን የመጠለያ ሰው ስለሆነች እንድትናገር አይፈቀድላትም ነበር።

ሉብና የእናቷን ነገር ነው የተናገረችው። ትራክተሩ ይመለስልን፣ ባይሆን ከማሽላው ጥቂት ለሌላ መግዣ ይቅርልን አለች። ሼኹ በጣም አርጅተዋል። ቀና አላሉም።

«ልጄ፣ ያ ጊዜ አለፈ» አሏት።

ሰብሳቢው ቀጣዩን ጠራ፤ ቀጣዩም ጆንያውን አምጥቶ ክምሩ ላይ ጣለ።

ሉብና ወጥታ ከደብሪቱ አጠገብ ተቀመጠች። «ኻልቲ፣ አልሰሙኝም» አለች። አክስቴ ማለቷ ነው።

«ሰምተውሻል» አለቻት ደብሪቱ። የተፈቀደላት ቀን ስላለቀ በማግሥቱ በጭነት መኪና ተመለሰች።

ዘንድሮ መዋጮው ሲደርስ ሉብና ደወለች። ልብስ እያጠብን ነበር። ደብሪቱ በዓረብኛ ብዙ ካወራች በኋላ ስልኩን ዘግታ ወደ ሳፋው ተመለሰች።

«እምቢ ብላለች» አለችኝ። «የቤቷን ድርሻ አላወጣም አለች። ገብተው በጉልበት ወሰዱባት።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«ሁለት ሴቶች አብረዋት በሩ ላይ ቆመው ነበር አለች። ስማቸውን ነገረችኝ፤ አላውቃቸውም። ተፈናቃዮች ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ልብሱን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች፤ እኔም አልተከተልኋትም።