የፓ ላሃይ ተማሪዎች

ፓ ላሃይ ግቦንዶ ከጊኒ የስደተኞች ሰፈር ወደ ከተማችን ሴግብዌማ የተመለሱት ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ ነው። ሱቃቸው ተቃጥሎ ጠበቃቸው፤ ጣሪያ የለው፣ ከውስጡ ፓፓያ በቅሎበታል። ከጦርነቱ በፊት የከተማችን አንደኛ አናጢ ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው።

በዚያው ሰሞን አንድ የእርዳታ ድርጅት መጣና ጠመንጃ ላስቀመጡ ሃያ ወጣቶች አናጢነት እንዲያስተምሩ ቀጠራቸው። ስድስት ወር አስተማሩ። ሲጨርሱ ለሃያዎቹም መጋዝ፣ መዶሻና መላጊያ ያለበት ሳጥን ታደላቸው። ፎቶ ተነሱ። ድርጅቱም መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ፓ ላሃይ ኬኔማ ገበያ ወርደው ዘጠኝ መላጊያ ለሽያጭ ተደርድሮ አዩ። የአንዱ እጀታ ላይ «ቫንዲ» የሚል ተቀርጾበታል። ቫንዲ ከሁሉም የተሻለው ተማሪያቸው ነበር።

ሲመለሱ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ዳማ ሲጫወት አገኙት።

«አንተ የማትረባ! ስድስት ወር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የለፈለፍኩት መላጊያ እንድትቸበችብ ነው?»

ቫንዲ ከዳማው ላይ ዓይኑን አላነሳም። «ይቅርታ ፓ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎስ ከመጡ ወዲህ ስንት ወንበር ሸጡ?»

«ፓ እኮ ራሳቸው መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

ፓ ላሃይ አንድም አልሸጡም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ምን ወንበር ይገዛል?

ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጡ። ልጆቹ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። በር ላይ ቆመው ብዙ አዩአቸው።

«መምህር፣ ወላጆቹ ምን አላቸው?»

«ከሩዝ በቀር ምን ይኖራቸዋል ፓ? እሱም ትንሽ።»

«ሩዝ ይበቃል።»

ወላጆችን ሰበሰብን። ለትምህርት ቤቱ ወንበር የሚሠሩትን የፓ ላሃይን ተማሪዎች እያንዳንዱ ቤት በተራ ሊያበላ፣ እንጨቱን ደግሞ የአካባቢው ሹም ከጫካ ሊያስቆርጡ ተስማሙ። ሁለት ወንድሞቿ የተገደሉባት ማሚ ጄቤህ ግን ተነሳች።

«የእነዚያ እጅ የሠራው ላይ ልጄ አይቀመጥም! ፓ፣ የእርስዎንስ ሞሞህን ከመንገድ ጎትተው የወሰዱት እነሱ አይደሉም?»

ሞሞህ አንድ ልጃቸው ነበር፤ በዚያው ቀርቷል።

«ማንም አልጎተተውም» አሉ ፓ ላሃይ። «እንጨት ታበላሻለህ ብዬ ከሱቄ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ሥራ ፈትቶ መንገድ ዳር ሲውል፣ ታጣቂዎቹ ምግብም ጠመንጃም እንስጥህ አሉት። በገዛ እግሩ ሄደ። እስከ ዛሬ የዋሸኋችሁ አፍሬ ነው።»

ማሚ ጄቤህ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ ወጣች።

ሰባት ወጣቶች መጡ፤ ቀድሞ የደረሰው ቫንዲ ነው። መሣሪያቸውን ስለሸጡ በፓ ላሃይ አሮጌ መላጊያ በተራ ሠሩ። ተራው የዘገየበት ሲያጉረመርም፣ «መላጊያውን የሸጠ በጥርሱ ይላግ!» ይሉታል ፓ ላሃይ። በሁለት ወር ስልሳ አግዳሚ ወንበር አስረከቡን።

ሁሉም በሥራው አልጸኑም። ሁለቱ ሰልችቷቸው ወደ ኮኖ አልማዝ ቁፋሮ ሄዱ፤ አንዱ የሞተር ታክሲ ይነዳል። አራቱን ግን የጎረቤት መንደር ትምህርት ቤቶች ጠሯቸው፤ ሰው ቤቱን ማደስ ሲጀምርም ጣሪያ የማዋቀሩ ሥራ የእነሱ ሆነ።

የማሚ ጄቤህ ልጅ ዓመት ሙሉ የራሱን በርጩማ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ፓ ላሃይ ክፉ አልተናገሯትም። «ተዉአት፤ ሞቶባታል» ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ዝናቡ ጣሪያዋን ሲጥልባት ግን ቫንዲን አስጠራችው። ሁለት ቀን ሠራ። በመጀመሪያው ቀን ቃል አልተነፈሰችለትም። በሁለተኛው ሩዝ በካሳቫ ቅጠል ወጥ አቀረበችለት።

ይህን ለፓ ላሃይ ሄጄ ብነግራቸው፣ ሲልጉት ከነበረው ጣውላ ቀና ብለው፣ «ጣሪያውስ ቀጥ ብሏል?» አሉኝ።