የተቀቀለው ጋቢ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ልብስ ስትቀቅል እንፋሎቱ በመስኮት ገባብኝ። የፈላ ጥጥ ሽታ ነው። እዚሁ ፍኖተ ሰላም እንደተቀመጥኩ፣ ያ ሽታ ቡሬ አጠገብ ወደነበረው ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ጣሊያን ቡሬ ላይ መሽጎ ነበር። አባቴ በአርበኝነት ዱር ሳሉ በተስቦ ሞተው ጋቢያቸው ብቻ መጣልን። እናቴ ለበሰችውና አላወልቅም አለች። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ፣ ሠላሳ እንኳ ያልሞላው፣ በየጫካው አርበኛ ሲያክም የሚውል ሐኪም ነበር። ለአባታችን ለቅሶ መጥቶ ጋቢውን ገና ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የምታዛምተው ቅማል መሆኗን አስረዳን። ጎረቤቶቻችን ሳቁበት፤ ቅማል ያልነከሰው ማን አለና።

«እማዬ፣ ስጪኝና ልቀቅለው» አላት።

«የቀረኝ ጠረናቸው ነው። እሱንም ልታጥብብኝ ነው?»

ቀኑን ሙሉ ለመናት። የስንቱን ጀግና እግር ሳያመነታ የቆረጠ ሰው፣ ከእናቱ ትከሻ ላይ ጋቢ መንጠቅ አቃተው። እስከ ዛሬ በዚህ እናደድበታለሁ። ብዙም ሳይቆይ እናቴ በትኩሳት ወደቀች፤ ራሷን ስታ እንኳ ጋቢውን ጨብጣ ነበር። ወንድሜ ደግፎ ውኃ ሲያጠጣት፣ ሲያገላብጣት ሰነበተ። እሷ ዳነች፤ እሱ በዚያው በሽታ ተኛ።

በመጨረሻው ቀን ጠራኝ።

«የእኔን ጋቢ ለእማዬ እንዳትሰጪያት። ደህና አድርገሽ ቀቅይው» አለኝ።

ባገራችን ሟች የሚለቀሰው ልብሱ ተይዞ ነው። ስለዚህ በተቀበረ ማግስት፣ ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ፣ የወንድሜን ጋቢና ድስት ይዤ በማለዳ ወንዝ ወረድኩ። ጭስ ያየ አውሮፕላን ቦምብ ይጥላልና ጉሙ ሳይገፈፍ መጨረስ ነበረብኝ። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ውኃው ገና መፍላት ሲጀምር ጉሙ ተገፈፈ፤ ከቡሬ በኩልም የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። እንዴት እንደፈራሁ ምን ብዬ ልንገርህ። እሳቱን ግን አላጠፋሁም።

ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። እናቴ ነበረች፣ በምርኩዝ። ልብሱን ልትቀማኝ የመጣች መስሎኝ ድስቱ ፊት ቆምኩ። እሷ ግን የአባቴን ጋቢ ከትከሻዋ አወረደች፤ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ አቆየችውና ከልጇ ጋቢ ጋር ጨመረችው። ከዚያ ቁጭ ብላ እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር።

ሁለቱም ጋቢዎች ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አሉ። አንዳንዴ አውጥቼ አሸታቸዋለሁ። የትኛው የአባቴ፣ የትኛው የወንድሜ እንደሆነ አላውቅም።