ከእማማ ታንጉት ቤት የነቀልኳቸው ጉልቻዎች

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ቀላል ቀላሉን ስዘረዝር ኖሬአለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! ዓመታት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ዛሬ እናንተን እንደ ንስሐ አባት ቆጥሬ ልናገረው።

የአንዲት ሴት ቤት አፍርሻለሁ። በዶማም በመጥረቢያም አይደለም፤ በምክር ነው ያፈረስኩት።

ያኔ ደባርቅ ቢሮ የነበረው፣ ዛሬ የተዘጋ የአንድ ፕሮጀክት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ በየመንደሩ እየዞርኩ ጭስ አልባ ምድጃ ማስተከል ነው። ምድጃው ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ዙሪያው ድፍን፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነበር። ሲያወሩት ማን ይጠላዋል? ጭስ ዓይን ያጠፋል፤ እውነት ነው። ምድጃው ማገዶ ይቆጥባል፤ ይህም እውነት ነው። ዳባት ላይ ስልጠና ተቀምጠን በስላይድ ስናየው አጨበጨብን። እኔ ከሁሉም አብልጬ አጨበጨብኩ። ካጨበጨብነው ውስጥ እንደ አምባራስ ባለ ውርጫም የደጋ መንደር አንድ ክረምት የከረመ ሰው አልነበረም።

እማማ ታንጉት አምባራስ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው በጓሳ ሣር የተከደነ ነው። መሀሉ ላይ፣ በተጋቡ ዓመት ባላቸው ተሸክመው ያመጧቸው ሦስት የጉልቻ ድንጋዮች ነበሩ። እኛ አገር ትዳር ያዘ ለማለት ጉልቻ ተከለ ይባላል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አሳምሬ አውቃለሁ።

«ምድጃውስ ደግ ነው፣ ልጄ፤ ከጓዳ ትከልልኝ» አሉኝ። «ጉልቻዬን ግን አትንካብኝ። ክዳኑን የሚያደርቀው እኮ ጭሱ ነው። ጭስ ያጣ ሣር ይበሰብሳል።»

እኔ ምን አልኩ? ሳቅሁ! «እማማ፣ እሱ የድሮ ወሬ ነው፣ ይተዉት» አልኳቸው። ፕሮጀክቱ ጉልቻ ያለበትን ቤት ሞዴል ብሎ አይመዘግብም፤ እኔ ደግሞ ለጎብኚ የማሳየው ሞዴል ቤት ቸኩዬ እፈልጋለሁ። እምቢ ቢሉኝ አስፈራራኋቸው። ምድጃውን ካልተቀበሉ ስምዎ ከምርጥ ዘር ዝርዝር ይሰረዛል አልኳቸው። ውሸቴን ነበር፤ እንዲህ በል ብሎ ያዘዘኝ የለም። ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጥሬ ጉልቻዎቹን ነቀልኩና አንድ በአንድ ከደጃቸው ወደ ገደሉ ለቀቅኋቸው። ድንጋዮቹ ሲንከባለሉ እማማ ደጃፍ ቆመው አዩ።

ምድጃው ተተከለ፣ ፎቶ ተነሣ። በፎቶው ላይ እማማ አይስቁም። ከሥሩ «ደስተኛዋ ተጠቃሚ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ድፍን ምድጃ በዚያ ብርድ ሰው አያሞቅም። ልጠይቃቸው ስሄድ በቀትር ሁለት ጋቢ ደርበው አገኘኋቸው። በመጀመሪያው ክረምት ክዳኑ ሻግቶ ማንጠብጠብ ጀመረ። በጭነት መኪና ተሳፍረው ደባርቅ ድረስ መጡ። «ቤቱ ጭስ ናፈቀው፣ ልጄ፤ መሀሉ ላይ ትንሽ እሳት ላንድድበት?» ብለው ጠየቁኝ። በገዛ ቤታቸው እኔን አስፈቀዱኝ! ጎብኚዎቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል። «ትንሽ ይታገሡ» ብዬ ሸኘኋቸው። ጎብኚዎቹ መጡ፣ አደነቁ፣ ሄዱ። እኔም ረሳሁ። እማማ ግን ዘሩን እንዳያጡ ፈርተው ታገሡ።

በሁለተኛው ክረምት፣ በፍልሰታ፣ እማማ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ክዳኑ ከነማገሩ ወደ ውስጥ ወረደ። ሦስት በጎቻቸው ከሥሩ ቀሩ። ጎታ ውስጥ የነበረው የዘር ገብሳቸው ዝናብ ጠጥቶ በሰበሰ።

እስከዚህ ያለውን ስህተት ነው ብሎ የሚያልፍልኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ቀጥሎ ያደረግሁትን ግን ምን ልበለው? ሪፖርት አምጣ ተባልኩ። «ክዳኑ የወረደው ወይዘሮ ታንጉት በወቅቱ ባለማስጠገናቸው ነው» ብዬ ጻፍኩ። መጻፉ አልበቃኝም፤ አምባራስ ላይ ሰው በተሰበሰበበት፣ እማማ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። እማማም፣ «እንግዲህ አንተ ካልክ ይሁን፣ ልጄ» አሉ። መንደሩ በደቦ ቤቱን መልሶ ሠራላቸው፤ ስማቸውን ግን ማን ይሥራላቸው? ዛሬም «ቤቷን ያስበሰበሰችው» እየተባሉ ነው። እኔ በዚያው ዓመት የሥራ እድገት አገኘሁ።

ስላይዱን በሠራው ሰው ልናደድ እሞክራለሁ። በጎብኚዎቹ፣ በአለቆቼ ልናደድ እሞክራለሁ። አይሆንልኝም። እነሱ አያውቁም ነበር፤ እኔ ነኝ የማውቀው። እንዴት እንደማውቅ ደግሞ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ፈርቼ ነው።

እማማ ቤት ከመሄዴ በፊት ያንኑ ምድጃ ደባርቅ ቤቴ አስገብቼው ነበር። ሚስቴ ስምንት ቀን ሞከረችው። «ቤት አያሞቅ፣ ትልቅ ድስት አይችል፤ አውጣልኝ!» ብላ ጓሮ አስጣለችው። ዶሮ ገብታ እንቁላል ትጥልበት ጀመር። ፋሲካ አልፎ ነበርና፣ የእማማን ጉልቻ በነቀልኩበት ቀን ጧት ከዚያ ምድጃ የወጣ እንቁላል ቁርሴን በልቼ ነው ወደ አምባራስ የተነሣሁት።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ቤታቸውን ያፈረስኩት የእናንተን አይደለም። እማማንም በጓዳ ብቻቸውን አግኝቼ እግራቸው ላይ አልወድቅም፤ ያን ጊዜ ይቅርታው ለእኔ ይሆንና ስድቡ ለእሳቸው ይቀራል። በመጪው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት አምባራስ ላይ እቆማለሁ። ያንን ሪፖርት የእሳቸውን ስም አውጥቼ የእኔን አስገብቼ፣ እንደ ያኔው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። እንቁላሉንም እናገራለሁ።