ጸሐይነሽና የስለቱ ጸጉር

ጸሐይነሽ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ክፍል ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ግቢው የአብዱልረሂም ነው። እሱ እዚሁ አሶሳ ተወልዶ እዚሁ ያረጀ የበርታ ሰው ነው፤ ኪራይ ሲዘገይ የማይጮህ፣ ሲከፈለውም የማያመሰግን። ጸሐይነሽ የመጣችው ከወንበራ ነው። ባሏ ሞተ፣ ቀጥሎ አገሩ ታወከ፣ እሷም ልጆቿንና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ የወንበራዋን ደብረ ዘይት ለቃ ወጣች። አሁን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሚኖሩባቸው ቤቶች እየዞረች ልብስ ታጥባለች። እጇ ክረምት ከበጋ የተላጠ ነው።

ትልቋ ልጅ ሕሊና ናት፣ ትንሹ እዩኤል። ሕሊና አምስተኛን ጨርሳ አምና ቤት ቀረች። ሰንፋ አይደለም። እናቷ ለሥራ ስትወጣ ልጁን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነው። እኔ ጠዋት ሽንኩርትና ቲማቲሜን ይዤ መንገድ ዳር እወጣለሁ። አንድ ጊዜ እዩኤልን ይዤው ወጥቼ ባጃጅ ሊደፈጥጠው ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ጸሐይነሽም አልጠየቀችኝ፣ እኔም እይዘዋለሁ አላልኩም።

ስለዚህ የዘንድሮው ነገር ሁሉ ልጁ ላይ ወደቀ። እዩኤል አንደኛ ክፍል ከገባ ሕሊና ስድስተኛ ትገባለች። እሱ ካልገባ እሷም አትገባም። እናታቸው ይህን በግልጽ ነግራታለች። ልጅቷ ምግቧን ተወች።

እኔም አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለአንድ ዓመት ብቻ ተብዬ ነበር ወንድሜን እንዳዝል ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ መጥተው ገና መሬቱን እየመነጠሩ ነበር። ያ ዓመት እስካሁን አላለቀም። የእኔስ አለፈ፤ በሕሊና ሲደገም ግን ማየት እፈራለሁ።

እዩኤል የልደት ካርድ የለውም። ቤት ነው የተወለደው፣ ቤቱም የለም። እንዲህ ያለውን ልጅ እኛ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት የሚቀበሉት በጆሮው ነው፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ። ጸሐይነሽ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ አቁማ ታለማምደው ነበር። ክንዱን ይዛ ትስበዋለች። እሱ ይስቃል። ጣቶቹ ጸጉሩ ላይ ሄደው ይቆማሉ።

አንድ ጠዋት አብዱልረሂም መቁጠሪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ። አማርኛ ያደገበት ቋንቋ ስላልሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው፤ የሚቀየመው የለም።

"አንተ ጸሐይነሽ፣ ልጅ እጁ ምን አደረገ? ትነቅላለህ እኮ!"

"ይርዘምለት ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"እጅ አጭር አይደለም። ጸጉር ነው ብዙ። ጸጉር ቁረጥ፣ ወላሂ ጆሮ ራሱ ይመጣል።"

"የስለት ነው ብዬዎት የለ?"

"ሚካኤል ትምህርት አይወድም?"

ሕሊና ሳቀች። እናቷ ዞር ስትል ሳቋን ዋጠችው።

ስለቱን ግቢው በሙሉ ያውቃል። ከእዩኤል በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ገና መሄድ ሲጀምር ትኩሳት ወሰደባት። እዩኤል ተወልዶ እንደዚያኛው ሲያተኩሰው፣ አቅፋው ደብረ ዘይት ካለው የሚካኤል ደጃፍ ሄዳ ወደቀች። ይህንን ተውልኝ፣ ምላጭ ሳይነካው ይደግ፣ ሲጠና በኅዳር በዓልህ እዚሁ ደጅህ አምጥቼ አስላጨዋለሁ አለች። ልጁ ዳነ። ግን ኅዳር በመጣ ቁጥር ወይ መንገዱ ተዘጋ ይባላል፣ ወይ መሳፈሪያው ይጠፋል፣ ወይ ራሷ ትፈራለች። ጸጉሩ ማደጉን ቀጠለ። እሷም በየቅዳሜው በወፍራሙ ትጎነጉንለትና ጉንጉኑን አናቱ ላይ ትጠቀልለዋለች። መንገደኛው ሁሉ ሴት እየመሰለው "ቆንጂት" ይለዋል።

ለምዝገባ የሄድነው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ጸሐይነሽ ብቻዬን እፈራለሁ ስላለችኝ ጉልቴን ትቼ አብሬ ሄድኩ። ዝናቡ ያለቅጥ ይወርዳል፣ ወላጆች ከክፍሎቹ ጣሪያ ሥር ተደርድረዋል፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። መዝጋቢው መምህር ሙላቱ ይባላል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ቀጭን ወጣት። ዓይኑ ከድካም ቀልቷል። ተራችን ደረሰ።

"ካርድ አለው?"

"የለውም፣ ጌታዬ።"

"እሺ፣ ና አንተ ጎበዝ። እጅህን በዚህ አሻግር። አንገትህን አታዘንብል! ቀጥ በል።"

እዩኤል ቀጥ አለ። ክንዱን አነሳ። እጁ ተጠቅልሎ የተቆለለው ጉንጉን ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ጣቶቹ አየር ላይ ቀሩ። እንደ ገና ሞከረ። ምላሱን አውጥቶ ነበር።

ከኋላችን የቆመች ሴት፣ "ጆሮው ጋ ለመድረስ እኮ ጫካ ማቋረጥ አለበት!" አለች። ሰልፉ ሳቀ። የጸሐይነሽ አንገት ሲቀላ አየሁት።

"ይፈታ እስቲ" አለ መምህሩ።

ጸሐይነሽ ጉንጉኑን ፈታችው። ባሰ። ከጉንጉን የወጣው ጸጉር ተነፋፍቶ ልጁን እስከ ትከሻው ዋጠው። አሁን ሰልፉ ብቻ ሳይሆን መምህሩም ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ እዩኤል ግን ሊያለቅስ ነበር።

"ዘንድሮ አልደረሰም፣ እናቴ። ለከርሞ አምጪው።"

"ደርሷል፣ ጌታዬ። እኔ ወልጄው ዕድሜውን አጣዋለሁ?"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ያልደረሰ እንዳትመዘግብ ተብያለሁ፣ ክፍሉም መቀመጫ የለው።"

ያን ጊዜ አብራን የመጣችው ሕሊና ወደፊት መጣች። "ጸጉሩ ቢላጭ ይነካል፣ ቲቸር።"

"ከነካማ እመዘግበዋለሁ። ነገ እስከ ምሳ ሰዓት እዚሁ ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን ይዘጋል።"

በጭቃው እየተንሸራተትን ተመለስን።

እቤት ገብተን የሕሊናን ያለፈ ዓመት ዩኒፎርም ወሰድኩ። ቀሚሱ አጥሯታልና የታችኛውን እጥፋት ፈትቼ ላስረዝመው ጀመርኩ። እንዲያው እጄን ሥራ ለማስያዝ ነው። ጸሐይነሽ አየችኝ።

"ተዪው እትዬ በለጡ። ለማን ብለሽ ነው?"

ሕሊና ከበሩ ላይ ሆና ሰማች።

"ለእኔ ነዋ። ለእኔ ነው፣ እማዬ።"

"ወንድምሽን ማን ይይዘዋል?"

"ላጪው፣ ትምህርት ቤት ይይዘዋል።"

"አፍሽን ያዢ!"

"አፌን ከያዝኩ ዓመት አልፎኛል። የኔ እኩዮች ስድስተኛን ጨርሰዋል። መንገድ ላይ ሳገኛቸው የት ጠፋሽ ይሉኛል፣ ልጅ ታቀፍኩ እላለሁ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም? ለእኔስ የተሳልሽው ነገር የለም?"

ጸሐይነሽ እጇን አነሳች። የምትመታት መስሎኝ ተነሳሁ። አልመታቻትም። እጇን መልሳ ነጠላዋን አነሳችና በዝናቡ ውስጥ ወጣች።

የሄደችው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሲመሻሽ ጭቃ ለብሳ ተመለሰች።

"ቄሱ ምን አሉ?" አልኳት።

"ሚካኤል እዚህም እዚያም አንድ ነው አሉ። ይላጭ፣ መንገዱ ሲከፈት ጸጉሩን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ አሉ።"

"እንግዲያ ምን ቀረሽ?"

የረጠበ ነጠላዋን ጨመቀች። "እትዬ፣ እዚያ ደጃፍ ላይ ስወድቅ ቄሱ አልነበሩም። የነበርነው እኔና እሱ ነን። እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ ቃሌን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያኛውን ልጅ ያለ ስለት ነበር ያሳደግኩት፤ የሆነውን አየሁት።"

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ሕሊና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር፤ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በማግሥቱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጸሐይነሽ ማንንም ሳታናግር የልብስ ሳሙናዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። እንዳይላጭ መወሰኗ ገባኝ። እኔም ቅርጫቴን እያዘጋጀሁ ሳለ ከነሱ በረንዳ የእዩኤልን ድምፅ ሰማሁ። "አትጎትቺኝ!" ይላል።

ስወጣ ሕሊና ልጁን በርጩማ ላይ አስቀምጣዋለች። ጉንጉኑን ፈትታ በውኃ አርሳዋለች። በእጇ አዲስ ምላጭ ይዛለች፣ ወረቀቱ መሬት ላይ ወድቋል።

"ሕሊና፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምን እንደማደርግ ታያለሽ።"

"እናትሽ ትምጣ።"

"እስክትመጣ ይዘጋል። ደግሞ እሷ እንዲዘጋ ነው የወጣችው።" ምላጩን ወደ ልጁ ግንባር አስጠጋች። እጇ ይንቀጠቀጣል። "ዝም በል እዩ። ከተነቃነቅህ ትቆረጣለህ።"

ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በመካከላቸው ሁለት እርምጃ እያለኝ ቆሜ ቀረሁ። ልከልክላት ብል፣ ወደ ምን እንደምመልሳት አውቃለሁ። አድርጊው ብላት፣ ስለቱ የኔ አይደለም። ምላጩ ግንባሩ ላይ አረፈ፣ ተነሳ፣ እንደ ገና አረፈ። እሷም ማልቀስ ጀመረች፣ ግን አልተወችውም።

የግቢው በር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ የቆርቆሮው በር ሲከፈት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ጸሐይነሽ ነበረች። ሳሙናውን እንደያዘች ነው። ከሥራዋ ቤት ደርሳ ይሁን ከመንገድ ተመልሳ አላውቅም፣ አልጠየቅኳትምም። በሩ ላይ ቆማ ልጆቿን አየች። ሕሊና ምላጩን ወደ ኋላዋ አልደበቀችውም። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አብዱልረሂም ከቤቱ ብቅ ብሎ መልሶ ገባ።

ጸሐይነሽ ሳሙናውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ መጣች።

"ስጪኝ" አለች።

"አልሰጥም።"

"እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ታቆስይዋለሽ። ስጪኝ አልኩ።" ምላጩን ከልጅቷ ጣቶች አወጣችው። "ይህን አንቺ አታደርጊውም። ከተቆጣም እኔን ይቆጣ። አንቺ ምን አለብሽ? ሂጂ ዩኒፎርምሽን ልበሺ፣ ትመዘገቢያለሽ።"

ሕሊና አልሄደችም፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ጸሐይነሽ ነጠላዋን የልጁ ጭን ላይ ዘርግታ ከግንባሩ ጀመረች። ጸጉሩ እየተላጨ ነጠላው ላይ ይወድቃል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አልነበረውም። አንዲት ዘለላ መሬት ላይ እንዳትወድቅ በግራ እጇ እየያዘች ጨረሰችው። ከጸጉሩ ሥር የወጣው ጭንቅላት ትንሽና ገርጣ ያለ ነበር። እዩኤል በመዳፉ ዳበሰውና፣ "ይበርዳል" አለ።

በሩጫ ነው የሄድነው። መምህር ሙላቱ ወንበሩን ሊያነሳ ሲል ደረስን። ልጁን አላወቀውም።

"የትናንትናው ነው? ባለ ጫካው?"

"እሱ ነው" አለች ጸሐይነሽ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

እዩኤል ሳይታዘዝ ክንዱን አሻገረ። የመሃል ጣቱ ጫፍ ጆሮውን ነካ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ፣ እናቲቱን አየ፣ መልሶ ወንበሩን አስቀመጠ። መጀመሪያ የእዩኤልን፣ ቀጥሎ የሕሊናን ስም ጻፈ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ደስ ይላል የምትሉ ትኖራላችሁ። ጸሐይነሽን ግን አላያችኋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ሲያስነጥስ ትደነግጣለች። ትምህርት ተጀምሮ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ ከኋላ ሆና ታያቸዋለች፣ ሲመለሱ በር ላይ ናት፣ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት እጇ ግንባሩ ላይ ነው። ዝናቡ ሲያቆም እዚህ አገር ወባ ይነሳል፤ ከየቤቱ የሚተኛ አይጠፋም። እሷ ግን ወባን እንደ ወባ አታየውም።

መስከረም ሳያልቅ እዩኤል እያተኮሰው አደረ። ጠዋት ድምፅ ሰምቼ ስገባ አልጋው ላይ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጸሐይነሽ አጠገቡ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሕሊና ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን አንግታ መሃል ቤቱ ቆማለች። እናቷን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያም ማንም ሳይላት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እኔ እይዘዋለሁ፣ እማዬ። አንቺ ሥራ ሂጂ።"

ጸሐይነሽ ቀና ብላ አየቻት። አሁን ያቺን ልጅ፣ አንቺ ነሽ ያስላጨሽው ብትላት፣ አንድ ቃል ብቻ ብትላት፣ ዳግመኛ ቦርሳ አታነሳም ነበር።

"አንሺው" አለች ጸሐይነሽ።

"ምኑን?"

"ቦርሳውን። ይረፍድብሻል። ወንድምሽን እኔ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።"

"ሥራሽስ?"

"ቢያባርሩኝም ሌላ ቤት አለ። ሂጂ ብያለሁ።"

ልጁን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ አዘለችው። እኔ ጎንበስ ብዬ ማዘያውን አሰርኩላት። ሕሊና ቦርሳዋን አነሳች። ግቢውን ተከታትለው ወጡ፣ እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያው ወደ ላይ፣ ልጅቷ ወደ ታች። ሕሊና ደጋግማ ወደ ኋላዋ ትመለከት ነበር። ጸሐይነሽ ግን ዞር አላለችም፤ ዞር ብትል ልጅቷ ተከትላት እንደምትመጣ ታውቃለች።