አክስቴ ስቴሽን ዋገን ስትገዛ

አክስቴ ላሊበላ ላይ ጠጅ ቤት ነበራት። በከተማው ከእሷ የምትረዝም ሴት አልነበረችም፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሲያናግሯት አንጋጠው ነው። በደርግ ዘመን ቱሪስቱ ጥርግ ብሎ ሲጠፋ የቀሩላት ጠጪዎች ካድሬዎችና ቀሳውስት ነበሩ። ካድሬዎቹ በነፃ መጠጣት ከአብዮቱ ድሎች አንዱ ይመስላቸዋል፤ ቀሳውስቱ ደግሞ መርቀው ይወጣሉ። "በምርቃት ጌሾ አይገዛም" አለችና መኪና ልትገዛ ተነሣች።

ለገና የሚመጣው ተሳላሚ ከጋሸና ጀምሮ በእግሩ ይኳትናል፤ ሕመምተኛ ደግሞ በቃሬዛ ነው ወልድያ የሚወርደው። ለሁለቱም የምትሆን መኪና አማራት። ጂፕ እንግዛ ብላት፣ ሰው ጉልበቱን አገጩ ላይ አስደግፎ ተጉዞ ምን ሊሳለም ነው ብላ ተቆጣችኝ። የፈለገችው በደጉ ዘመን አንድ አሜሪካዊ ይዞት የመጣውን ዓይነት ረጅም ስቴሽን ዋገን ነው፤ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ አውድማ የሚያክለውን። ከዘመድ ሁሉ መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ፍለጋውን አብሬያት ዞርኩ።

ወልድያ ላይ አንድ ነጋዴ ሞተር የሌላት መኪና አሳየንና "ከእሱ በቀር ሁሉም አላት" አለን። መርሳ ያገኘናት ደግሞ ሞተሯ ደህና ነበር፤ ፍሬን ግን የላትም። ባለቤቱ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ፍሬን ብዙም አያስፈልግም ሲለን፣ አክስቴ "የእኛ አገር እንኳ ከሰማይ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው" ብላው ወጣን።

በኋላ ኮን ላይ አንዲት እንዳለች ሰማን። የአንድ የሞቱ ባላባት ነበረች፤ መሬታቸውን አብዮቱ ሲወስደው መኪናቸውን ጭድ ቤት ከተው ሞቱ። አክስቴ በበቅሎዋ፣ እኔ የቤንዚን ጀሪካንና የጎማ መንፊያ ተሸክሜ ከኋላዋ፣ መንገድ አድረን ኮን ገባን።

ባላቸው የሞቱባቸው እመይቴ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥቁር ልብስ ያላወለቁ ሴት ነበሩ። ጭድ ቤቱን ከፈቱልን። መኪናዋ ክሬም ቀለም ናት፤ ጎኗ ላይ እንጨት የመሰለ ነገር ተለጥፎባታል፤ ርዝመቷ ደግሞ አንዱን በር ከፍተን ሌላውን ለማግኘት መንገድ የምንጀምር እስኪመስለኝ ነው። ዶሮዎች ሰፍረውባታል። እመይቴ የድሮው ሾፌር አልፎ አልፎ እየመጣ ያስነሣት እንደነበር ነግረውን፣ ዶሮዎቹን አባረው ምሳ ሊያቀርቡ ገቡ። ዋጋ ብንጠይቃቸው "እንግዳ ሳይበላ ዋጋ አይነገረውም" አሉ።

እኔ ጎማዎቹን ነፍቼ ኮፈኑን ከፈትኩና ካርቡራቶሩን ማጽዳት ያዝኩ። አክስቴ ግን ለካርቡራቶር ግድ አልነበራትም። እሷ የምትለካው በራሷ ነው፤ "እኔን ከቻለች ማንንም ትችላለች" አለችና ከኋላ ገብታ በጀርባዋ ተዘረጋች። እግሯ በሩን ሳይነካ ቀረ። ደስ አላት መሰለኝ፣ ለዝንቡ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የበቅሎ መንገድ አድክሟት ስለነበር ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ የመጣችው። የኋላው በር ተከፍቷል፣ ረጅም ሰው ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። ወንፊት መጠየቋን ትታ አንድ ጊዜ "ወየው!" ብላ ጮኸች፤ የኮን ሰው ደግሞ ለለቅሶ አይሰንፍም። ከሞተሩ ቀና ብዬ ነገሩን ሳላስረዳ ግቢው ሞላ። የሞተው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያሉ ለባላባቱ እንደገና ያለቅሱ ጀመር። ቄሱ ጥላቸውን ይዘው ደረሱ፤ እሳቸውም ሳይጠይቁ መስቀላቸውን አውጥተው ፍትሐቱን ያዙት።

አክስቴ በዜማው ነቃች። ነጠላውን ገፍፋ ቁጭ አለችና "አባ፣ ይፍቱኝ" አለች።

ቄሱ ወደ ኋላ አፈግፍገው ጭዱ ላይ ተቀመጡ። ከሞት ለተነሣ የሚደገመውን አላጠኑ ኖሮ መስቀላቸውን መልሰው ከተቱ። ያን ጊዜ እመይቴ የምሳውን ሞሰብ እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው ነበር፤ ኋላ ሞሰቡን አስቀምጠው ግድግዳ ተደግፈው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ጎረቤቶቹ አክስቴን ትተው እሳቸውን ያዩ ጀመር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየ ሰው እንዳልነበረ ያቺ ወንፊት ፈላጊ ነገረችኝ።

ሳቁ ሳይበርድ የቀበሌው ሊቀመንበር ከነጠመንጃው መጣ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን ተናገረ። መኪናዋን ሲያያት ደግሞ ይህች የኢምፔሪያሊዝምና የፊውዳሊዝም ቅሪት እስከ ዛሬ የት ተደብቃ ነበር ብሎ ጠየቀ። ሰዉ አቀረቀረ። አክስቴ ከመኪናዋ ወርዳ ቆመች፤ ሊቀመንበሩ አጭር ሰው ነበር።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅሪቱን ይዤላችሁ ልሄድ ነው የመጣሁት" አለችው።

ቅሪት አይወሰድ የሚል መመሪያ በስብሰባ አልተነገረውም መሰለኝ፣ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና "እንግዲያው በአስቸኳይ ይነሣ" አለ።

ባትሪዋ ደክሞ ስለነበር ያለ ግፊት አትነሣም። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ወደ ዘመቻ ለወጠውና ሰዉን በሙሉ አሰለፈ። ሊቀብሩ የመጡት ሰዎች ገፏት፤ ቄሱም ጥላቸውን አጥፈው ከኋላ ትከሻቸውን ሰጡ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ ጥቁር ጭስና የዶሮ ላባ ተፋች፣ ከዚያ ተነሣች። ያልቃሾቹ እልልታ ከለቅሷቸው ይበልጥ ነበር።

ዋጋው ያለቀው ምሳ ላይ ነው። እመይቴ ገንዘቡን እንደ ነገሩ ሰምተው በቅሎዋን ጠየቁ። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በእግራቸው መሄድ አቅቷቸው ነበር። አክስቴ በቅሎዋን ትወዳት ስለነበር ትንሽ አኮረፈች፤ ኋላ ከነኮርቻዋ ሰጠች። እመይቴ ሌላም ነገር ፈለጉ።

"አንድ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ ልቀመጥባት" አሉኝ። "ጋሼ ፊት የሚያስቀምጡት ውሻቸውን ነበር።"

አክስቴን ከኋላ አድርጌ እሳቸውን ከጎኔ አስቀመጥኳቸውና ወደ ትልቁ መንገድ ወጣን። መስኮቱን አስወርደው ክንዳቸውን አወጡ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ እጅ ነሣቸው፤ እሳቸው ግን ለማንም አልመለሱም። የወድላን ሜዳ ጥቂት እንደሄድን ልመልስዎት ወይ ብላቸው "ትንሽ ጨምር" አሉኝ። ጨመርኩ። ቤንዚናችንን ግማሹን እዚያው ጨረስነው፤ አክስቴም ዋጋውን አላሰበችባቸውም።

በማግሥቱ ወደ ላሊበላ ጉዞ ጀመርን። ከጋሸና ወዲህ ባለው መንገድ መታጠፊያዎቹ ለመኪናዋ ርዝመት ጠበቡ፤ አንዳንዱን ወደፊትም ወደኋላም እያልኩ ስዞር አክስቴ ወርዳ ድንጋይ ታስደግፍልኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ተሳላሚም በሽተኛም ስታመላልስ ከረመች፤ ከብልባላ በኩል የመጣች አንዲት ወላድ ወልድያ ሳትደርስ እዚያው ውስጥ ተገላገለች። ካድሬዎቹ ዱቤ ሲጠይቁ፣ ቀሳውስቱም በምርቃት ሊሳፈሩ ሲሞክሩ፣ አክስቴ ቤንዚን ዱቤም ምርቃትም አያውቅም ትላቸው ነበር። ጦርነቱ ሲቀርብ ቤንዚን ጠፋና መኪናዋ ጠጅ ቤቱ ደጅ ቆመች። የኋላ ወንበሯን ፈትተን ወደ ውስጥ አስገባነው። ጠጪዎች እሱ ላይ ለመቀመጥ ይጣሉ ስለነበር፣ አክስቴ በመጨረሻ ሴቶች ብቻ እንዲቀመጡበት ወሰነች።