ስድስት ቁጥርና የአባቴ ግድግዳ

የአባቴ ሬሳ ሳጥን ቤታችን መተላለፊያ ላይ ተቀረቀረ... ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ ነው፣ ሰበታ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ባለው ዩኒቨርሲቲ የምማር የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ጠዋት «አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ና» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። መቼም የእኛ ሰው መርዶ የሚነግርህ እንዲህ ነው። ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ደነዘዝኩ። እንባ የለ፣ ምን የለ። አንዷ ዘመዳችን «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ስትል ሰምቻታለሁ።

ቤታችን ጭቃ ቤት ነው። ከጓዳው ወደ ሳሎን የሚወጣው በጠባብ መተላለፊያ ነው፣ እሱም መሃል ላይ ይታጠፋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ «ቅዳሜና እሁድ ስትመጣ የምታጠናበት» ብሎ ሳሎኑን ከፍሎ ግድግዳ አቆመልኝ። የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ እንጂ ግንበኛ አልነበረምና ግድግዳው ዘመም ያለ ነው።

ሳጥኑን የሠሩት ኦቦ ጉታ ናቸው፣ የተፍኪ አናጺ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ። ሲያስገቡት መታጠፊያው ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት፣ አዞሩት፣ ገባ። አባቴ ጓዳ ውስጥ ተገንዞ አልጋው ላይ ስለነበር እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አስተኙትና ክዳኑን በምስማር መቱት። ሳጥኑ ሲገባ ባዶ እንደነበር ማንም ልብ አላለም።

ስናወጣው ታዲያ መታጠፊያው ላይ ያዘን። ኦቦ ጉታ «እናቁመው» ከማለታቸው እናቴ ከኋላ ጮኸች።

«በስመ አብ! ኦቦ ጉታ፣ ሰውን እንደ ጆንያ ሊያቆሙት ነው? ሬሳ በሳጥን አይቆምም!»

«እሺ እታለም፣ እሺ... ታዲያ ግድግዳውን ላፍርሰው?»

«እሱን የሠራው ማን ሆነና ነው የሚያፈርሱት?»

ካህናቱ ቤተ ክርስቲያን እየጠበቁ ነው፣ ቀኑም እየሄደ ነው። በስንት ትግል ሳጥኑን ወደ ጓዳ መለስነው።

ያኔ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሜትር ይዤ ሳጥኑንና መተላለፊያውን ለካሁ። ከዚያ ጥናት ክፍሌ ገብቼ ደብተር አወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ህንዳዊው መምህራችን አንድ ነገር አስተምረውን ነበር። አንድ ዕቃ ሊሆን የሚችልበትን አኳኋን ሁሉ ሰብስባችሁ እንደ አንድ ሰፊ አገር አስቡት፣ አሉን። እያንዳንዱ አኳኋን በዚያ አገር ውስጥ አንዲት ነጥብ ናት። ዕቃው ሲንቀሳቀስ ነጥቧ ትጓዛለች። የሥነ ፈለክ ሰው ለፕላኔቶቹ፣ የኬሚስትሪ ሰው ተያይዘው ለሚተጣጠፉት አተሞች፣ መሐንዲሱ ለማሽኑ ክንድ፣ ሁሉም እንዲህ ያለ አገር አለው። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ለማይታጠፍ ዕቃ ስድስት ቁጥር ይበቃል። ሦስቱ የት እንዳለ፣ ሦስቱ ወዴት እንደዞረና እንደተጋደመ።

ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የአባቴ ግድግዳ የአገሩን አንዱን ወገን ዘጋው። የእናቴ «አይቆምም» ሌላውን ዘጋው። ከጓዳው ነጥብ ወደ ሳሎኑ ነጥብ የሚያደርስ አንድም መንገድ አልቀረም። ሂሳቡ ስለሞላልኝ... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ።

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። «አይወጣም» አልኩ። «በሂሳብ አረጋግጫለሁ።»

«ወይ ጉድ! ልጁ ለየለት» አለ አንዱ።

ኦቦ ጉታ ግን እጄን ስበው አስቀመጡኝና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «እስቲ አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ግን አናጺ አይደሉ? ሥዕሉ ወዲያው ገባቸው። በጣታቸው ግድግዳውን ተከትለው ሄዱ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሙ።

«ልክ ነህ፣ አይወጣም» አሉ። «ግን ይሄ ሁሉ ሳጥኑ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ሳጥኑ ነው።»

«አባትህስ የታለ?»

ደብተሩን አገላበጥኩ።

«ሳጥኑማ ጣውላ ነው፣ ባዶውን እንደገባ ባዶውን ይወጣል። እኛ የምናወጣው ሰውዬውን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳጥኑን ይዤ ሳሎን መጠበቅ ነበረብኝ... በል ተነስ፣ ልጁ አንተ ነህ፣ አንተ ያዘው።»

ሁላችንም እናቴን አየናት።

«በልጁ እቅፍ ቢቆም ነውር የለውም» አለች።

ኦቦ ጉታ በመዶሻቸው ጀርባ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። እሳቸው በእግሩ በኩል፣ እኔ በራሱ በኩል ያዝን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቀና ማድረግ ነበረብኝና ከነመግነዙ ደረቴ ላይ አቆምኩት። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ዕድሜ ልኬን ጉልበቱን ስሜ እንጂ አባቴን አቅፌው አላውቅም። ጀርባዬ እሱ የሠራልኝን ግድግዳ እየታከከ የለበስኩት ኮት በጭቃው አፈር ተለወሰ።

«ኦብሲ ኢልማ ኮ» አሉኝ ኦቦ ጉታ፣ ቻለው ልጄ ማለታቸው ነው። ምኑን እንደምችለው ግን አላወቅኩም፣ ምንም አልተሰማኝም። ሌሎቹ ባዶውን ሳጥን አቁመው ተከተሉን፣ ሳሎን ላይ እዚያው ውስጥ መለስነው፣ ወስደን ቀበርነው። አላለቀስኩም። ሰልስቱ ወጣ፣ አሁንም አላለቀስኩም። እናቴ በጎን በጎን ታየኛለች።

ከወር በኋላ ፈተና ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የማይታጠፍ አካል ያለበትን አኳኋን ለመግለጽ ስንት ቁጥር ያስፈልጋል?» ይላል። «ስድስት» ብዬ ጻፍኩ... ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ። በዚያ ሁሉ ተማሪ መሃል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ፈታኙ እየሮጠ መጣና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ከከበደህ እለፈውና ቀላሉን ሥራ።»